የሱሉልታው ጉድጓድ ቁጥሮች

ዓርብ፣ ግንቦት 15

እንደገና ቀጥ አለ። መጀመሪያ ማውሱ አልንቀሳቀስ አለ፣ ቀጥሎ ስክሪኑ ደረቀ፣ ከዚያ የላፕቶፑ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ቤት ጮኾ ጮኾ ዝም። አጠፋሁት፣ አበራሁት። ዛሬ ከዚህ ሌላ የሠራሁት ሥራ የለም ማለት ይቻላል።

ነገሩ እኮ ቀላል ነው። ሦስት ጉድጓዶች አሉን፤ አንዱ ሰበታ ቢሮአችን አጠገብ፣ አንዱ ቡራዩ እኔ የምኖርበት ሰፈር፣ አንዱ ሱሉልታ። በእያንዳንዱ ውስጥ የውሃውን ከፍታ በየሁለት ሴኮንዱ የሚመዘግብ መሣሪያ ተንጠልጥሏል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲመዘግብ ቆየ። ከእኔ የሚፈለገው ያንን ሁሉ ቁጥር አንብቤ አንድ ጥያቄ መመለስ ብቻ ነው፤ ቀን ፓምፑ ሲስብ የሚወርደው ውሃ ሌሊት ፓምፑ ሲያርፍ ተመልሶ ይሞላል ወይስ አይሞላም? ከሞላ ጉድጓዱ ደህና ነው። ካልሞላ እየደረቀ ነው።

የሚያስጨንቀኝ የሱሉልታው ነው። የሚመጣው ዓርብ የውሃ ኮሚቴው ተሰብስቦ ይወስናል። እኛ "እየደረቀ ነው" ካልን ይዘጉታል፣ ፓምፑንም ነቅለው ሌላ ቦታ ይወስዱታል። ያኔ ሰፈሩ ወደ ጋሪ ውሃ ይመለሳል። እማዬ የምትቀዳው ደግሞ ከዚያው ጉድጓድ ቦኖ ነው። በዚያ ጉልበቷ ሌላ ቦኖ ፍለጋ ቁልቁለቱን ስትወርድ ትታየኛለች።

የቢሮ ኃላፊዬ ዶክተር ሰለሞን ሃስኬል በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ያልተጻፈ ነገር አይቀበሉም። "ፋንክሽናል ቋንቋ ውስጥ አንዴ የተሰጠ ዋጋ አይነካም። መቀየር ከፈለግሽ አዲስ ትሠሪያለሽ፤ አሮጌው ባለበት ይኖራል። ለሳይንስ ከዚህ የተሻለ ምን አለ?" ይላሉ። እሺ፣ ልክ ናቸው። ግን "አዲስ ትሠሪያለሽ" ሲሉ በየትኛው ሚሞሪ እንደሆነ አይነግሩኝም። ሰርቨራችን ለጥገና እንደሄደ ቀርቷል። ያለኝ ይሄ ላፕቶፕ ነው።

ቁጥሮቹን ሊስት ውስጥ ነው ያስገባኋቸው። ለምን? ሃስኬል የሚያስተምር ሁሉ በሊስት ስለሚጀምር። ሊስት ውስጥ እያንዳንዱ ቁጥር ቀጣዩ የት እንዳለ የሚጠቁም አድራሻ ተሸክሞ ይቆማል፤ አንዷ ቁጥር ከራሷ ብዙ እጥፍ ቦታ ትይዛለች። የመጨረሻዋን ለማየት ከመጀመሪያው ቤት ጀምሬ በር ማንኳኳት አለብኝ። በዚያ ላይ ቋንቋው ሰነፍ ነው። ስድቤ አይደለም፣ ራሳቸው ያወጡለት ስም ነው። "ደምር" ስለው አይደምርም፤ "የምር ስትፈልጊው እደምረዋለሁ" ብሎ ማስታወሻ ይይዝና ያስቀምጠዋል። ማስታወሻው ይከመራል፣ ይከመራል፣ ሚሞሪው ይሞላል። "ነገ ተመለሽ" የሚል የመሥሪያ ቤት ሰው ላፕቶፔ ውስጥ ተቀጥሯል።

የዛሬ ሙከራዎች፦
— ሊስት። ቀጥ አለ።
— ሊስት፣ ግን ፋይሉን በቁራጭ በቁራጭ እያነበብኩ። ትንሽ ቆይቶ ቀጥ አለ።
— ላፕቶፑን ነፋስ እንዲያገኝ መስኮት ላይ አስቀምጬ። (አዎ፣ እዚህ ደርሻለሁ።) ቀጥ አለ።

የቢሮ ባልደረባዬ ናቲ ከጎኔ ተቀምጦ ሙዝ እየበላ "በፓይተን ብትሠሪው እኮ እስካሁን ቤትሽ ገብተሽ እግርሽን ዘርግተሽ ነበር" አለኝ። የሙዙን ልጣጭ ልወረውርበት ነበር።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ቤት ሆኜ ነው የምሠራው። መብራት ጧት ሄዶ ጧት መጣ። እንዲህ ያለ ቀን በቡራዩ ታሪክ ይጻፍ።

አዲሱ ሐሳቤ ማፕ ነበር። ማፕ የሚሉት የቁጥር ማስቀመጫ እንደ ዛፍ ነው፤ እያንዳንዱን ቁጥር የተለካበት ሰዓት ላይ አንጠለጥለዋለሁ። "የታኅሣሥ አምስት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት" ብዬ ስጠይቅ ከግንዱ ጀምሮ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ሄዶ በቅጽበት ያመጣልኛል። በሐሳብ ደረጃ በጣም ያምራል። በተግባር ግን ለእያንዳንዷ ቁጥር አንድ ቅርንጫፍ ማብቀል ማለት ነው፤ በየሁለት ሴኮንዱ አንድ ቅርንጫፍ፣ ለሁለት ዓመት። ጫካ ተከልኩ። የሱሉልታውን ፋይል ብቻ አንብቦ ሳይጨርስ ላፕቶፑ ተንበረከከ።

የሚያበሽቀው ደግሞ ሰዓቶቹ ፋይሉ ላይ የሉም። መሣሪያው ቦታ ለመቆጠብ ሥራ የጀመረበትን ቀንና ሰዓት አናቱ ላይ አንዴ ይጽፋል፤ ከዚያ በታች ቁጥር ብቻ ነው። ሦስተኛዋ ቁጥር ከተነሳ ከአራት ሴኮንድ በኋላ የተለካች ናት፣ እንዲህ እያልኩ እኔው ነኝ የምቆጥረው። መብራት ሲጠፋ ይቋረጥ ይሆን ብዬ ሰግቼ ነበር። አይቋረጥም፣ የራሱ ባትሪ አለው። ስለዚህ ይህን ጭንቀት ሰርዤዋለሁ። ከጭንቀቶቼ አንድ እንኳ መቀነሱ ትልቅ ነገር ነው።

ከሰዓት በኋላ እማዬ ደወለች። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳትጨርስ "ሌንሳዬ፣ ጉድጓዱን የምታዘጊው አንቺ ነሽ አሉ?" አለችኝ።

"ማነው ያለው?"

"ቦኖው ጋ ነዋ። 'ልጅሽ በኮምፒውተር አይታ ልታዘጋው ነው' ብለው ጀሪካኔን ወደ ሰልፉ መጨረሻ ገፉት።"

እኔ አላዘጋም፣ እኔ የምለካው ብቻ ነኝ አልኳት። "እና ስትለኪው ደህና ነው?" አለች። እስካሁን አልለካሁትም፣ ሚሞሪ አልበቃኝም እንዴት ይባላል? "እየሠራሁ ነው" አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ትራሴን ደበደብኩት።

እሑድ፣ ግንቦት 17

ተሳካ! ተሳካ! ተሳካ!

ጧት ልብስ እየዘፈዘፍኩ መጣልኝ። ሰዓቱን የምቆጥረው በተራ ቁጥሩ ከሆነ፣ ዛፍ ምን ያደርግልኛል? ቦታው ራሱ ሰዓቱ ነው። ስለዚህ አሬይ። ቁጥሮቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፣ አድራሻ የሚሸከም የለ፣ ቅርንጫፍ የለ፣ ማስታወሻ የሚያስቀምጥ ሰነፍ የለ። ሦስቱም ፋይሎች ገቡ፤ ላፕቶፑ አልተነፈሰም እንኳ።

መሐል ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አበደብኝ። በፋይሎቹ ውስጥ አልፎ አልፎ ዜሮ አለ። የውሃው ከፍታ ድንገት ዜሮ ሆኖ ወዲያው ሊመለስ አይችልም፤ የመሣሪያው ቅዠት ነው ብዬ እያንዳንዱን ዜሮ ከፊቱ ባለው ቁጥር መተካት ጀመርኩ። አሬይ ግን አይነካማ! አንዲት ዜሮ ባነሳሁ ቁጥር ሙሉውን አሬይ ከላይ እስከ ታች እየገለበጠ አዲስ ይሠራል። አንድ የሸሚዝ ቁልፍ ለመቀየር ሙሉ ሸሚዝ እንደ መስፋት ነው። በመጨረሻ ሁሉንም ዜሮ በአንድ ዙር እንዲያጸዳ አድርጌ ጻፍኩት፣ አለቀ።

ከዚያ ዋናው ጥያቄ። የሁለት ዓመቱን ቁጥር በየሰዓቱ አማካይ አወጣሁ፤ ውሃው በአማካይ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት የት ነው፣ ጧት የት ነው፣ ቀትር ላይ የት ነው። ሌሊት ከፍ ማለት ነበረበት።

ቀጥ ያለ መስመር ወጣ። ቀን ከሌሊት ልዩነት የለም። የሱሉልታው ቀጥ ያለ፣ የቡራዩም ለጥ ሊል ትንሽ የቀረው፣ የሰበታውም እንደዚሁ።

አይሞላም ማለት ነው። ደስታዬ ልብሱን እስካሰጣ ድረስ እንኳ አልቆየም። ምነው ሊስቱ እንደደረቀ በቀረ።

ሰኞ፣ ግንቦት 18

ታክሲ ውስጥ እስከ ሰበታ ድረስ "እንዲህ እላቸዋለሁ" እያልኩ ስለማመድ ሄድኩ። አንዱንም አላልኩም።

ዶክተር ሰለሞን አሬዩን ሲያዩ ፊታቸው በራ። "አየሽ? ትክክለኛውን ዴታ ስትራክቸር ስትመርጪ ሁሉም ነገር ይቀላል!" አሉ። እሳቸው የመረጡት ይመስል። ከዚያ መስመሩን አዩ። "ግልጽ ነው። የሱሉልታው አይመለስም። ዛሬውኑ ለኮሚቴው እንጻፍ፣ ዓርብ ድረስ ምን አስጠበቀን?"

"ዶክተር፣ ትንሽ ብናየው ጥሩ ነበር" አልኩ። "ሦስቱም ባንድ ላይ መሆናቸው አይገርምም? የቡራዩን እኔ አውቀዋለሁ፣ ውሃ ጎድሎበት አያውቅም።"

"ዝናብ አንሷል" አሉ።

"ግን—"

"ሌንሳ፣ ውጤት ስላላስደሰተን አንጠራጠርም።"

ይህቺ አረፍተ ነገር ከመጽሐፍ የወጣች ትመስላለች። ደብዳቤው ከምሳ በፊት ወጣ። "ጉድጓዱ ራሱን መተካት አቁሟል" ይላል። አረፍተ ነገሩን ያረምኩት እኔው ነኝ፤ "አቁሟል" የሚለው ላይ የጎደለች ፊደል ነበረችና።

እማዬ ደውላ ነበር። አላነሳሁትም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

የዛሬውን በቅደም ተከተል ልጻፍ፣ አለበለዚያ ራሴም አላምነውም።

ውጤቱ አልዋጥልኝ ሲል አማካዩን ትቼ የሱሉልታውን አንዲት ሳምንት ብቻ በጥሬው በስዕል አየሁት። ማዕበል! ወረደ፣ ወጣ፣ ወረደ፣ ወጣ። ይሞላል እንጂ! ከዚያ ከሁለት ወር በኋላ ያለችውን ሳምንት አየሁ። እዚያም ማዕበል አለ፣ ግን በእኔ ሰዓት አቆጣጠር ውሃው የሚሞላው ቀትር ላይ ነው። ሌላ ወር፣ ምሽት ላይ። ማዕበሉ ጤነኛ ነው፤ ሰዓቱ ነው የሚንሸራተተው። እነዚህን ሁሉ ደርቤ አማካይ ሳወጣ ከፍታው ዝቅታውን አጣፋውና ሜዳ ሆነ።

የመሣሪያው ሰዓት ተበላሽቷል ብዬ ሱሉልታ ደወልኩ። የፓምፕ ቤቱ ቁልፍ ያለው ኦቦ ደጀኔ ጋ ነው፤ ጉድጓዱ ከተቆፈረ ጀምሮ የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው።

"አከም ጅርቱ ኦቦ ደጀኔ?"

"ነጋዳ ኢንተላ ኮ፣ ነጋዳ። እናትሽን ቅድም ቤተ ክርስቲያን አየኋት።"

"ኦቦ፣ እባክዎ ወደ ፓምፕ ቤቱ ገብተው መሣሪያው ላይ የሚታየውን ሰዓት ያንብቡልኝ።"

"ዛሬ? ዛሬ እኮ ገብርኤል ነው!"

"ማንበብ ብቻ ነው፣ ሥራ አይደለም።"

"ምኑን አነበዋለሁ? አጥፍቼዋለሁ እኮ።"

"ምኑን ነው ያጠፉት?"

"ማሽኗን ነዋ፣ ያቺን ቀይ መብራት ያላትን። በዋዜማው ማታ ታንከሩን ሞልቼ ፓምፑን አጠፋለሁ፣ እሷንም አጠፋለሁ፣ ቆልፌ እሄዳለሁ። በማግስቱ ጧት መጥቼ እከፍታለሁ። ሰው ሲያርፍ ማሽኑስ አይረፍ እንዴ?"

ቁጭ አልኩ። ወንበር መኖሩን ሳላይ ነው የተቀመጥኩት፣ እግዜር ይስጠው ነበረ። የትኞቹን በዓላት ነው አልኳቸው። ሚካኤልን፣ ገብርኤልን፣ ማርያምን፣ መድኃኔዓለምን፣ እሑድንም። ከመጀመሪያው ጀምሮ። ባትሪው መብራት ሲጠፋ ይሠራል፤ ሰው ቁልፉን ሲጫን ግን ምን ያድርግ?

ለዚህ ነው። ፋይሉ ላይ የዋዜማው ማታ ቁጥር፣ ቀጥሎ የበዓሉ ማግስት ጧት ቁጥር ነው የተጻፈው። ባዶ ቦታ የለም፣ ምልክት የለም። እኔ ደግሞ "ቦታው ራሱ ሰዓቱ ነው" ብዬ በመሐላቸው ሁለት ሴኮንድ ቆጠርኩ። ጧቱን ማታ አልኩት። በሚቀጥለው በዓል ደግሞ እንደገና ተንሸራተተ፣ እንደገና።

በዚያው ንዴት ለሌሎቹ ሁለት ጠባቂዎችም ደወልኩ። የሰበታው ከድር ሱቁ ከፓምፕ ቤቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ "አርብ ለጁምአ ሱቁን ስዘጋ ሁሉንም እዘጋለሁ" አለ፣ በኩራት። ቡራዩ ማርቆስ አለ፣ ከወላይታ የመጣ፣ የሙሉ ወንጌል አማኝ፤ እሑድ ጧት አጥፍቶ ቸርች ይሄዳል፣ አምልኮው ሲያልቅ መጥቶ ያበራል። "አንዳንዴ ጸሎቱ ይረዝማል እህቴ" አለኝ። ሦስት ከተማ፣ ሦስት ዓይነት ቀዳዳ። እኔ አንድ አሬይ።

ማርቆስ ጋ ከቤቴ በእግሬ ሄድኩ፣ ሩቅ አይደለም። አጥፋው አልኩት፣ አብራው አልኩት። የመጀመሪያዋ ቁጥር ምን ሆና ወጣች? ዜሮ። ሲነሳ ሁልጊዜ መጀመሪያ ዜሮ ይጽፋል። ፋይሉ ምልክት የለውም እላለሁ፤ ምልክቱን ሁሉ እሑድ ዕለት አጽድቼ የጣልኩት እኔ ነኝ። ማርቆስ ፊት ሳቅኩ፣ የደስታ ሳቅ አልነበረም።

ግን አልጠፋም። አሮጌው አይነካምና፤ ያጸዳሁት አዲሱን ነው፣ የመጀመሪያው አሬይ ከነዜሮዎቹ ባለበት ተቀምጧል። ዶክተር ሰለሞንን ዛሬ ላመሰግናቸው ነው ማለት ነው? ነገ። ዛሬ አልችልም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

አዲሱ አሠራር፦ ፋይሉን ዜሮ ባለበት ሁሉ ቆረጥኩት። እያንዳንዱ ቁራጭ ውስጡ የተጠጋጋ አሬይ ነው። ቁራጮቹ ደግሞ በጀመሩበት ሰዓት ዛፍ ላይ ይንጠለጠላሉ። በየሁለት ሴኮንዱ ቅርንጫፍ ማብቀል ቀረ፤ በየበዓሉ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ። ላፕቶፑ ቀለለው።

ከሁሉ የወደድኩት የቅርንጫፉን ሰዓት ባርም ውስጡ ያለው አሬይ አይነካም፣ የቀሩት ቅርንጫፎችም አይገለበጡም፤ አዲሱ ዛፍ ከአሮጌው ጋር ይጋራቸዋል። በጣም ደግሞ ያስፈልገኝ ነበር፣ ምክንያቱም ኦቦ ደጀኔ ጧት ሙሉ ሲያሳርሙኝ ነው የዋሉት።

"ጧት ስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት ኦቦ?"

"ጧት ነዋ።"

"አሥራ ሁለት ሰዓት? አንድ ሰዓት?"

"ቦኖው ከመከፈቱ በፊት።" ቦኖው አሥራ ሁለት ተኩል ይከፈታል። ጥሩ፣ ጻፍኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሳቸው ደወሉ፤ "እሑድን ግን በዚያው ቀን ማታ ነው የማበራው፣ ረስቼው ነው።" አረምኩ። እንደገና ደወሉ፤ "ዝናብ ካለ እዘገያለሁ።"

ቢሆንም ማዕበሉ ተመለሰ! በሌሊት ይሞላል፣ በሦስቱም ጉድጓድ። የሱሉልታው ላይ ደግሞ ሌላም ነገር አለ፤ በእያንዳንዱ መቁረጫ ላይ ከበዓሉ በኋላ ያለችው ቁጥር ከበዓሉ በፊት ካለችው ከፍ ትላለች። ፓምፑ ባረፈ ቁጥር ውሃው ከሌላው ሌሊት ሁሉ አስበልጦ ይወጣል፤ በትክክል በዚያን ሰዓት መሣሪያው ጠፍቶ ነው። ጉድጓዱ ደህንነቱን የሚያሳየው ማንም በማያየው ቀን ብቻ ነው!

ይዤ ሮጥኩ። ዶክተር ሰለሞን ረጅም ሰዓት አዩት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሰዓቶቹን ከየት አመጣሻቸው?"

"ከጠባቂው።"

"በስልክ። ከትዝታ።"

"አዎ።"

"ሰኞ 'ሞቷል' ብዬ በፊርማዬ ጽፌያለሁ። ዛሬ በአንድ ሰው ትዝታ 'ድኗል' ልበል?" መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና፣ "እናትሽ እዚያ ሰፈር ናቸው፣ አይደል?"

ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል፤ እንደገባኝም ገብቷቸዋል። "አዎ፣ ናት" አልኩ። "ቁጥሩ ግን የእሷ ዘመድ አይደለም።"

"እንግዲያው አንድ በዓል ለክተሽ አምጪልኝ" አሉ። "ፓምፑ ያረፈበት፣ መሣሪያው ያልጠፋበት፣ ሰዓቱ የታወቀ። ከዓርብ ስብሰባ በፊት።"

ከዓርብ በፊት ያለው ነገ ብቻ ነው። ነገ ደግሞ ማርያም ናት። ለኦቦ ደጀኔ ስደውል በዋዜማው ልማድ ታንከሩን ሞልተው ሊቆልፉ ነበር።

"ማሽኗን አያጥፉብኝ፣ እባክዎ።"

"በግንቦት ማርያም?"

"ፓምፑን ያሳርፉት። እሷን ብቻ ይተዉልኝ። እሷ አትሠራም ኦቦ፣ ታያለች ብቻ።"

ቁልፎቻቸው ሲንቃጨሉ ሰማሁ።

"ቶሌ፣ እሺ" አሉ በመጨረሻ። "ግን ነይና ራስሽ ጠብቂያት። እኔ ኃላፊነት አልወስድም።"

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

ከቡራዩ አስኮ፣ ከአስኮ አዲሱ ገበያ፣ ከአዲሱ ገበያ የሱሉልታ ታክሲ። ሲበዛ ብርድ ነው፤ ሹራብ አለመያዜን ያወቅኩት ተራራውን ስንወጣ ነው።

ኦቦ ደጀኔ ነጭ በነጭ ለብሰው ከቅዳሴ ሲመለሱ የፓምፕ ቤቱን በር ከፈቱልኝ። ቀይዋ መብራት በርታለች። እሳቸው ደፉን አላለፉም፤ ከውጭ ሆነው አንገታቸውን ብቻ አስገብተው አይዋት። በስልኬ ሰዓቱን አየሁ፣ ከመሣሪያው ጋር አመሳሰልኩ፣ ፎቶ አነሳሁ።

ምንም የሚሠራ ነገር የለም፣ መቀመጥ ብቻ። ስክሪኗ ላይ ያለችውን ቁጥር አያለሁ። አትንቀሳቀስም። ፎቶ። አትንቀሳቀስም። እኔ ስላፈጠጥኩባት አፍራ ነው እላለሁ። ከዚያ የመጨረሻዋ አሃዝ ተቀየረች። ወደ ላይ። ትንሽ ቆይታ እንደገና።

ቀትር ላይ እማዬ ምሳ በሳህን ሸፍና መጣች። የሰፈር ሰው እንዳያያት በጓሮ ነው የመጣችው፣ ከሰኞው ደብዳቤ ወዲህ ሰላም የሚላት የለም አሉ። ባልዲ ገልብጣ አጠገቤ ተቀመጠች። "የቷ ናት?" አለች። አሳየኋት። "ይህቺ ከፍ ስትል ጥሩ ነው?" "ጥሩ ነው።" ከዚያ ሁለታችንም አፈጠጥንባት። ስትጨምር እማዬ ክርኔን ትነካኛለች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከጧቱ ከግማሽ ክንዴ በላይ ወጥቶ ነበር። ሁሉንም ፎቶ ለዶክተር ሰለሞን በቴሌግራም ላክኩ። ወዲያው አዩት፤ ሁለቱም ምልክት ታየ። መልስ የለም። የለም። የለም። ታክሲ ውስጥ እያለሁ መጣ፦ "አየሁት።"

አየሁት! ሰው እንዲህ ተብሎ እንዴት ይተኛል?

ዓርብ፣ ግንቦት 22

ስብሰባው ሱሉልታ በትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር። ወንበሮቹ የሕፃናት ናቸው፤ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሶ ተቀምጠዋል። እማዬ ከኋላ።

የትናንቱን መስመር አሳየሁ። ስለ አሬይና ስለ ዛፍ ምንም አላልኩም፤ "መሣሪያው በበዓል ቀን ይጠፋ ስለነበር ሰዓቱን አሳስተን ቆጥረናል" ብቻ አልኩ። ሁሉም ዞሮ ኦቦ ደጀኔን አየ። ኦቦ ደጀኔ ጣራውን አዩ።

ሰብሳቢው ደብዳቤውን ከፍ አድርጎ "ሰኞ 'አቁሟል' አላችሁ፣ ዛሬ 'ይሞላል' ትላላችሁ። የቱን እንመን?" አለ። ልክ ነው። እኔም በእሱ ቦታ እንዲሁ ነበር የምለው።

ዶክተር ሰለሞን ተነሡ። ከዚያች ትንሽ ወንበር ለመነሣት ራሱ ጊዜ ወሰደባቸው። "ደብዳቤው በእኔ ፊርማ ነው የወጣው" አሉ። "እሷ እንቆይ ብላኝ ነበር፣ እኔ ቸኮልኩ። ስህተት ነው፣ ይሰረዝልኝ።" ተቀመጡ። ወደ እኔ አላዩም። ሳምንቱን ሙሉ በልቤ የሰደብኳቸውን ሁሉ አንድ በአንድ ልሰርዘው ሞከርኩ፤ ብዙ ነው፣ ግማሹን ብቻ ሰረዝኩ።

ጉድጓዱ አልተዘጋም። ውሳኔው እስከ ጥቅምት ተራዘመ። እስከዚያ መሣሪያው መቼም እንዳይጠፋ፣ ፓምፑ ደግሞ በየሳምንቱ ሁለት ቀን እንዲያርፍ። የትኞቹ ሁለት ቀናት በሚለው ላይ ስብሰባው ሊበተን ደረሰ። አንዱ እሑድ ይሁን አለ፣ አንዱ አርብ፣ አንዱ የማርያምን ነገር አነሣ፤ ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መታ። በመጨረሻ የማንም ያልሆነ ቀን ተፈለገና ማክሰኞና ሐሙስ ተባለ። ሁሉም እኩል ቅር ተሰኝቶ ወጣ።

ደክሞኛል። ደስ ብሎኛል መሰለኝ፤ ገና አልደረሰኝም። እስከ ጥቅምት ክረምት ያልፋል፣ በክረምት ደግሞ የትኛውም ጉድጓድ ይሞላል፤ "ዝናቡ ነው እንጂ" ይሉኛል። ለዚያም መልስ ማዘጋጀት አለብኝ። ዛሬ ግን አላዘጋጅም።

እማዬ ቤት ገብተን ጫማዬን ሳላወልቅ "እና በቃ፣ አይዘጋም?" አለችኝ።

"እስከ ጥቅምት አይዘጋም።"

"እስከ ጥቅምት" አለች። ቆማ አሰበችበት። ከዚያ በርሜሉን ከጓዳ እያንከባለለች አወጣች፣ ባልዲዎቹን ደረደረች፣ የእንስራውን ክዳን አነሣች፣ ጀሪካኗን ይዛ ወደ ቦኖው ወጣች። ይሞላል እኮ ነው የምልሽ፣ ቁጥሩን አብረን አላየንም እንዴ እያልኩ ሌላኛውን ጀሪካን ይዤ ተከተልኳት።